ከረቡው ዋስ አጣ

ሰኞ

እንደለመድኩት አፌ ቀደመኝ። በገዛ እጄ ልጻፈውና ልፈር፤ ድሮ ማፈሪያዬን የሚጽፍልኝ ሰው መለመን ነበረብኝ። የማታ ትምህርት ጥቅሙ ይኼ ነው። አስተማሪዋ የጀማል ጽሑፍ እንደ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው ብላለች። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ ምን ጠብቃ ነበር?

ልጄ ረውዳ እሑድ ድሬዳዋ ትዳራለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ በእናቷ ሰርግ የተመታው ከረቡ በእሷም ይመታ። ከረቡ ለዚክርና ለሰርግ የምንመታው ከበሮ ነው። ይኼኛው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ስንቱን ሽማግሌ የቀበረ። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር ሰፈር፣ ጠባቂው ሽማግሌ አው ዩሱፍ ቤት ይቀመጣል። እሳቸው ደግሞ አንድ ሌላ ከረቡ አውቶቡስ ላይ ከጠፋባቸው ወዲህ ይኼን ከጀጎል አላስወጣም ብለዋል።

"ቢጠፋ ማን ዋስ ይሆናል?" አሉኝ።

"ኢንሹራንስ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ውሉንም ራሴ አንብቤ እፈርማለሁ።"

ማክሰኞ

ከጀጎል ውጪ፣ አዲሱ ከተማ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ። የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ በሩ ላይ "ይግፉ" የሚለውን ጭምር። ከዚያ በሩን ሳብኩት። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ደረሰኝ አለው? የለውም። ማን ገዛው? ማንም። ዋጋ የሚገምት ሰው እንልካለን አለች።

ረውዳ ደወለች። አልቋል አልኳት። ምኑ እንዳለቀ እኔም አላውቅም።

ረቡዕ

ገማቹ አው ዩሱፍ ቤት በባጃጅ መጣ፤ ትሑት ወጣት። እሳቸው መስጊድ ነበሩ። ከረቡ ቆዳው ካልሞቀ ድምፁ እንደታመመ ሰው ነው። ዋጋ ሊገምት የመጣ ሰው የታመመ ድምፅ ለምን ይሰማል ብዬ፣ እኔ ብልጡ፣ ቀድሜ ፍም አቀጣጥዬ ከረቡውን ከላዩ እያገላበጥኩ ጠበቅኩት። ሁልጊዜ እንደምናደርገው።

በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ኢንሹራንስ የሚገባው ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው።"

"እሳት ላይ ያለው?"

ሳይሞቅ እንደማይመታ አስረዳሁት። ሐሙስ ሐሙስ እናሞቀዋለን፣ የሰርግ ወቅት ሲሆንማ በየቀኑ አልኩት፣ እየኮራሁ። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር እሱ ወደ ባጃጁ ተጠጋ። የከረቡውን ድምፅ አንዴ እንኳ ሳይሰማ ሄደ።

ሐሙስ

የቢሮዋ ልጅ ደወለች። ባለቤቶቹ ራሳቸው እሳት ላይ የሚይዙትን ዕቃ አንቀበልም አለች። በደግ ድምፅ ነው የነገረችኝ፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

የሰው ሱሪ ስሰፋ አንዱን እግር ከሌላው ጋር ሰፋሁት። ለረውዳ አልደወልኩም። ሚስቴ ፋጡማ፣ አላህ ይርሐማትና፣ የሰርጋችን ዕለት ከረቡው ሆዴ ውስጥ ነው የተመታው ትል ነበር። ልጄ እናቷን በደንብ አታስታውሳትም። ከእናቷ የፈለገችው ይኼን ድምፅ ብቻ ነው። እሱንም በአፌ አበላሸሁባት። ቀልድ ይመጣልኛል ብዬ ቁጭ አልኩ። አልመጣም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አው ዩሱፍ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን ብለው ከለከሉ አሉ። በእሳት ስለሚሞቅ አልኩ።

"ሳይሞቅማ ማን ይመታዋል?"

እኔም ያልኩት ይኼን ነበር አልኩ። ልጁ ድምፁን ሰማው ወይ አሉ። አልሰማውም። "ሚስኪን" አሉ፤ እሱን ይሁን እኔን አላወቅኩም። ስነሣ ኢንሻአላህ አሉኝ። የአው ዩሱፍ ኢንሻአላህ እሺም ይሆናል፣ እንቢም ይሆናል። ስንት ጊዜ እንቢ ሆኖ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ

አው ዩሱፍ ከመስጊድ በቀር ከቤታቸው አይወጡም። ዛሬ ጠዋት ሱቄ መጡ። እጃቸው ባዶ ነው፤ ከረቡው የለም። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"የነገው የድሬዳዋ ሚኒባስ መስኮቱ ይዘጋል?" አሉ። "ነፋስ ለከረቡው ቆዳ ጥሩ አይደለም። ለእኔ ጉልበትም።"

ይዘጋል አልኩ። ተነሥተው ሄዱ።

መስኮቱ አይዘጋም። ሚኒባሱን አውቀዋለሁ። አሁን በወፍራም ጨርቅ ለመስኮቱ መጋረጃ እየሰፋሁ ነው፣ ድርብ አድርጌ። ለረውዳ ገና አልደወልኩም።