በወንድማቸው በር ሳይቆሙ ያለፉት የእሳት አጥፊዎች አለቃ

መንደሩ ሁሉ «ጋሽ ቀስ» እያለ የሚጠራቸው አባት፣ ባል፣ ወንድምና አጎታችን ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከዚህ ኮረብታ ሥር በሚገኘው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው እንደመሰከሩት፣ ሲወለዱም አልቸኮሉም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው ከአንድ በያጅ ዘንድ ሙያውን ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. የራሳቸውን ብየዳ ቤት ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ቀን ሙሉ ፍንጣሪ ሲረጩ ውለው ማታ እሳት ለማጥፋት ሲወጡ ባለቤታቸው «ራሱ ለኳሽ፣ ራሱ አጥፊ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እሳት ማጥፋት የጀመሩት በ1984 ዓ.ም. የመንደሩ ዳቦ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ነው። የከተማው የእሳት አደጋ መኪና የደረሰው ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሠራተኞቹ በሥርዓት ተሰልፈው አመዱን ውሃ አጠጡት። ጋሽ ቀስ በማግሥቱ የተጣለ የወተት ማመላለሻ መኪና አስጎትተው አመጡ፤ ከወተት ጋኑ ላይ ፓምፕ በየዱ፤ ረጅም የጎማ ቧንቧ ገጠሙለት፤ ቀዩ ቀለም ስላልበቃ አንድ ጎኑን ብቻ ቀቡት። ግንበኛው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሒሳብ መምህሩና አናጺው ታናሽ ወንድማቸው ተከተሏቸው። የሚመለከተውን ክፍል ጫማ፣ ጓንትና የጭስ መከላከያ ጭንብል ሲጠይቁ የተላከላቸው በአደጋ ጊዜ ስለመረጋጋት የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር። ሥልጠናውን በመረጋጋት ተከታትለዋል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በሥራ ቀን ጥሪ ሲመጣ ግማሹ አባል ከመንደሩ ውጭ ነው። ወንዙ ሩቅ ስለሆነ አንድ ጋን ውሃ ለአንድ ቤት ከበቃ ተመስገን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚነደው ቤት አንድም ቀን የማያውቁት ሰው ቤት ሆኖ አያውቅም።

በ2007 ዓ.ም. በበጋው ማገባደጃ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮረብታው ደረቅ ሣር የተነሳ እሳት ነፋስ እያሳደደው ሁለት ቤት ያዘ። አንዱ የታናሽ ወንድማቸው ቤት ነው፤ ጣሪያው መጨስ ጀምሯል፤ ቤተሰቡ ግን በሙሉ ወጥቷል። ሁለተኛው ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው የአንዲት ጆሯቸው የከበደ ባልቴት ቤት ነው፤ በሩ ዝግ ነው፤ ሲወጡ ያያቸው የለም። ከእኚህ ባልቴት ጋር ቤተሰባችን በድንበር ለዓመታት ሲካሰስ ኖሯል።

መንገዱ አንድ ነው፤ በወንድምየው በር ያልፋል። ወንድምየው ባልዲያቸውን እንደያዙ መሐል መንገድ ላይ ቆመው «ጋሼ! ጋሼ፣ እዚህ!» እያሉ ተጣሩ። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲመጣባቸው ዘለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ጋሽ ቀስ መሪውን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከፊት ለፊታቸው ሳይነቅሉ አለፉ። በዕድሜያቸው ሲቸኩሉ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የባልቴቷን በር በመጥረቢያ ሰብረው ገቡ። በጭሱ ውስጥ በደረታቸው እየተሳቡ አልጋውን ዳበሱ፤ ከአልጋው ሥር ዳበሱ፤ ጓዳውን ዳበሱ። ያገኙት አንዲት ድመት ብቻ ነው። ባልቴቷ ከጠዋት ጀምሮ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ኖሯል። የእሳቸው ቤት ተረፈ፤ አናጺው በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት ግን እስከ መሠረቱ ነደደ። ባልቴቷም ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት «በሬን የሰበረው የትኛው ባለጌ ነው?» ብለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም። ታናሽየው ቡድኑን ይለቃሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ከሁሉ ቀድመው ተገኙ። ሽማግሌዎች ነገሩ ግራ ቢገባቸው «የተጣላሁት ከወንድሜ ጋር ነው እንጂ ከቧንቧው ጋር አይደለም» አሏቸው። በዚሁ ዓይነት አንዱ የቧንቧውን አፍ፣ ሌላው ወገቡን ይዘው፣ በእጅ ምልክት እየተግባቡ ስንት ቤት አተረፉ።

በ2012 ዓ.ም. የእህል መጋዘኑ ሲነድ የቧንቧውን አፍ ከያዙት ከጋሽ ቀስ ራስ በላይ ያለው የጣሪያ ማገር ተሰነጠቀ። ታናሽየው ከኋላ ሆነው አዩት። አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ኩራት ይሁን ጭስ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቧንቧውን በሁለት እጃቸው መንጭቀው ሳቡት፤ ጋሽ ቀስ በጀርባቸው ተዘረሩ፤ ማገሩ እየነደደ ቆመውበት ከነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። ጋሽ ቀስ ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉ። አመሰግናለሁ ያለም፣ ምንም አይደል ያለም አልነበረም።

ያለ ጭንብል ሲዋጥ የኖረው ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሆስፒታል ገቡ። ታናሽየው በየቀኑ እየመጡ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ግድግዳውን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ቁርጡን በተናገረ ማግሥት ግን ወንበራቸውን ወደ ራስጌው ሳቡና «ጋሼ፣ ቤቱስ ይቃጠል። ሰው አለ ብለው ነው፤ እኔም ብሆን የምሄደው እዚያው ነበር። ግን እንዴት ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም?» አሉ።

ጋሽ ቀስ ኦክስጅኑን ከአፋቸው አነሱ።

«ባይህማ እቆም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተጠራቀመ ወሬያቸውን ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁም ሲያለቅሱም ሰነበቱ። ነርሷ «አባቶቼ፣ ሌላ በሽተኛም አለ እኮ!» ብትል የሚሰማት ጠፋ።

ጋሽ ቀስ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እጃቸው በወንድማቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ቡድናቸውም አንድ ሰው ጎድሎበታል፤ የሚደፍር ካለ ቦታው ክፍት ነው።

ወቅቱ በጋ ነው፤ ነፋሱም ከጠዋት ጀምሮ አላማረም። መኪናው ከደጅ ቆሟል። ይህ ጽሑፍ እየተነበበ ጥሪ ቢመጣና የአለቅነቱን ቦታ የተረከቡት ወንድማቸው ከመካከላችን ብድግ ብለው፣ ወደ አስከሬኑም ወደ እኛም ሳያዩ ቢወጡ፣ ማንም እንዳይቀየማቸው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

አምላክ የጋሽ ቀስን ነፍስ እሳት በማይደርስበት፣ ውሃ በማይቆጠብበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።