ጀርባውን ለሐይቁ ስለ ሰጠው አንቴና

ለክቡር ጆሻም ኦዊቲ
የራዋ ዳርቻ ዓሣ አሥጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? አሸዋው ላይ ኦሜና የተባለውን ትንንሽ ዓሣ የምናሰጣው ሴቶች፣ ከሐይቁ የተረፍነው፣ ደህና ነን።

ከጀልባዎቹ ጋር በምንነጋገርበት ጣቢያችን ጣሪያ ላይ ስላስተከሉልን ባለብዙ ክንድ የሬዲዮ አንቴና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በስብሰባው ላይ «የድሮው ዘንግ አንቴና ጌይኑ ሁለት ነው፣ የዚህ ዐሥር ነው፤ እስቲ እናቶች፣ የቱ ይበልጣል?» ሲሉን፣ ዐሥር ይበልጣል ብለን አጨብጭበናል። ስሌቱ ትክክል ነበር። ጥቂት ነገሮችን ብቻ በትሕትና ላመልክት።

፩. ጌይን ማለት ያለውን ኃይል ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ እንጂ ከሰማይ ሌላ ማምጣት አለመሆኑን የነገረን የለም። ወንዶቻችን ፋኖሳቸውን በአንድ ጎን በቆርቆሮ ሲከልሉት ፊት ለፊቱ ይደምቃል፣ ኋላው ይጨልማል። አሮጌው ዘንግ ግን ዙሪያውን እኩል ይሰማ ነበር።

፪. የአዲሱን ፊት ወደ ካውንቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ማዞርዎ ጨዋ አሳዳጊ እንዳሳደገዎ ያሳያል፤ ለበላይ ጀርባ መስጠት ነውር ነውና። ስለዚህ ጀርባው ለሐይቁ ደረሰ።

፫. ወንድሜ ኦቡያ ሐይቁ መካከል ሞተሩ ጠፍቶበት፣ «ራዋ፣ ራዋ፣ ውኃ እየገባብን ነው፤ ኧረ ሰው የለም ወይ?» እያለ በሬዲዮ ሲጣራ፣ ጣቢያችን ከዋናው ጽሕፈት ቤት ጋር ጥርት ባለ ድምፅ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይለዋወጥ ነበር። ጥሪውን የሰሙት ቀርከሃ ላይ በታሰረ ሽቦ የሚያዳምጡት የማዶው ደሴት ሰዎች ናቸው። ኦቡያን ከተገለበጠችው ጀልባ ላይ አነሱት። አብሮት የነበረው ኦንዲጎ ግን አልተገኘም። ሚስቱ አጠገቤ ዓሣ ታሰጣለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልወጣትም። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ እጅግ ተናድጃለሁ።

ኦቡያ ሰኞ ተመልሶ ሐይቁ ላይ ይወጣል፤ ሌላ እንጀራ የለውም። ስለዚህ አሁን በቢሮዎ ደጅ ባንዲራ የተሸከመው አሮጌ ዘንግ ከዚያ በፊት ወደ ጣሪያው ይመለስልን ዘንድ እለምናለሁ። ባንዲራውን እኛ ሴቶቹ በየተራ እንይዝልዎታለን።

ሁልጊዜም ከጀርባዎ የማልጠፋ፣ ጤናዎንና ረጅም ዕድሜዎን የምመኝ ታዛዥዎ፣
ዶሪና አቡቶ

ማስታወሻ፦ ከሐይቁ በኩል የተነገረ እንደማይደርስዎ ስለ ገባኝ፣ ነገ ይህ ደብዳቤ በዋናው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የምታነበው የኦንዲጎ ሚስት ናት።