የኔም ዕጣ ይግባ

ነሐሴ 28፣ ምሽት 1፡30

ፓስቲው ረፋዱ ላይ አለቀ። ባምቢስ መንገድ ዳር እኔ ስጠብስ መኪና ይቆማል። አላጋነንኩም። አንዱን ትራፊክ ቀጣው፤ እየተቀጣም ያኝክ ነበር። ስማ ደብተር፣ የማታ ት/ቤቱን ከጨረስኩ ወር አልሞላኝም፤ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። መ/ራችን ደረጃ አላወጣም። ባያወጣም ይታወቃል።

ዝናብ። ጣሪያው ያፈሳል። ቄራ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል፣ የእማማ ጥሩነሽ ግቢ ውስጥ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ የመጀመሪያዬ እንቁጣጣሽ ልትሆን ነው። ባለቤቴ ታደለ ሲፈርስ አላየም፤ በጥር ሞተ። አንዳንዴ ዕድለኛ እለዋለሁ። ወዲያው ደግሞ እናደድበታለሁ። ጥሎኝ ሄደ በቃ።

ነሐሴ 30

ዘሪሁን መጣ። ካዛንቺስ አንድ ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቴ፣ አሁን ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የገባ። አራት ፓስቲ በላ፣ ዘይት በዝቶበታል ብሎ ተቸኝ፣ አምስተኛ ጠየቀ።

ከዚያ ወሬውን አወጣ። የሰፈራችን ቅርጫ ዘንድሮም ሊኖር ነው! የተበተነውን ሰው ጋሽ ሽፈራው በስልክ እየለቀሙት ነው። ልቤ ዘለለ። በየዓመቱ አዋጥተን አንድ በሬ እንገዛለን፣ ይታረዳል፣ ሥጋው እኩል መደብ መደብ ይሆናል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ታደለ ይጥላል፣ እኔ የደረሰውን እያየሁ እሰድበዋለሁ። አጥንት ስቦ ሲመጣማ ጎረቤት ሁሉ ይሰማኛል።

መዋጮዬን እንካ አልኩት። ዓይኑ ድስቱ ላይ ተተከለ። «ማለቴ...» አለ። ዘሪሁን ማለቴ ካለ ጥሩ ነገር አይከተልም። ለካ እኔ አልተቆጠርኩም። ቅርጫ የአባወራ ነው ተብሏል። ለኔ ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ ይላክልኛል፤ ለሟች ቤት።

ጭልፋው እጄ ላይ ነበር። አልመታሁትም። ይመዝገብልኝ።

ጳጉሜን 1

ትንሽ ትንሽ! ድመት ነኝ?

ቤት ሲፈርስብኝ ቆርቆሮ የነቀልኩት እኔ። አልጋ በጋሪ የገፋሁት እኔ። ያኔ አባወራ ይምጣ ያለ የለም። ሥጋ ሲመጣ ግን ወንድ አለ ወይ ተባለ።

ለጋሽ ሽፈራው ደወልኩ። የቅርጫው ሰብሳቢ ናቸው፣ ድሮም ዛሬም። ልጄ ልጄ እያሉ አረጋጉኝ። በክብር ነው የምንልክልሽ፣ ከሻኛውም እንጨምርልሻለን አሉ። ጋሼ፣ ሻኛ አማረኝ አላልኩም፣ እንደ ሰው ልካፈል ነው ያልኩት፣ አልኳቸው። በኛ ቅርጫ ሴት ዕጣ ጥላ አታውቅም አሉ። ፓስቲ ስትጠብስ መኪና የምታስቆም ሴትም አታውቁም ነበር፣ እኔን እስክታዩ፣ አልኩ። ኔትወርክ እምቢ አለ ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ጤነኛ ነበር።

ጳጉሜን 3፣ ከሰዓት

ሩፋኤል። የጸበሉ ዝናብ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይረጥባል። እኔም ወጣሁ። እውነቱን ልንገርህ? በኔ ጣሪያ ውስጥም ውጭም ያው ነው።

እንደረጠብኩ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሽፈራውና ዘሪሁን፣ በአንድ ጃንጥላ። ሰላምታቸው ረዘመ፤ ጤናዬን ሦስቴ ጠየቁ። ነገር እንዳለ ገባኝ። ኮንዶሚኒየሞቹ በሬ ማረድ ከለከሉ። ሰፊ ግቢ ያለው የእማማ ጥሩነሽ ብቻ ነው። እሳቸውን ጠይቀው ነበር፤ የግቢው ቁልፍ አስካለ ጋ ነው፣ እሷ እሺ ካለች እኔም እሺ፣ ብለዋል። እማማን ሳምኳቸው፣ በልቤ።

እንዴ ጋሼ፣ ሴት በር ከፍታ ታውቃለች? አልኩ። ዘሪሁን ሊስቅ ሲል ጋሼ አዩት፤ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

ቃሌን ነገርኳቸው። መዋጮዬ እንደማንም፣ ዕጣዬ እንደማንም። ምርቃት ሥጋ የለም፣ ሻኛ የለም። ከዘመዶችሽ አንድ ወንድ ይጣልልሽ አሉ። ወንድ ዘመዶቼ ሁሉ ቢሰለፉ እኔ ነኝ የምጥለው አልኩ። «አስካለ፣ አንቺ ልጅ ግትር ነሽ!» አሉ። «ጋሼ፣ ታደለም እንዲህ ይለኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት ኖረ አብሮኝ።» ተማክረን እንነግርሻለን ብለው ወጡ። ጃንጥላቸውን ረሱ። አልጠራኋቸውም።

ጳጉሜን 4

ከነጋሽ ሽፈራው ስልክ የለም።

ሌላ ግቢ ቢያገኙስ? ያቺ ትንሽ ትንሽም ቀረች ማለት ነው። ለእንቁጣጣሽ ፓስቲዬን ብቻዬን ልበላ። ቀልዴ ሁሉ ጠፋ ዛሬ። ደንበኛዬ ምን ሆነሽ አለ፤ ሒሳብህን ከፍለህ ሂድ አልኩት፤ ደነገጠ፤ አንድ ፓስቲ ጨምሬ ሰጠሁት።

ስማ ደብተር። ሰው ሁሉ መጪው ዓመት ጥሩ ይሁን ይላል። እኔ እንኳን ጥሩ ይሁን አላልኩም። አጥንትም ይድረሰኝ፣ ሥጋም ይድረሰኝ። ግን ለኔም የሚደርስ ነገር ይኑር። ይሄ ብዙ ነው?

ጳጉሜን 5፣ ማታ

እየጻፍኩ እርሳሴን ሁለቴ ሰበርኩት። በንዴት ነው፤ በሌላ እንዳይመስልህ።

አመሻሽ ላይ ከበሩ ውጭ ጫጫታ። በሬውን ገዝተው አምጥተውት! ሳይነግሩኝ! ይዘንባት ከመጣን ምን ታደርጋለች ብለው ነው። ዘሪሁን ክፈቺ አለ። ዕጣዬስ? አልኩ ከውስጥ። ነገ እናወራለን አለ። ነገ በሩም ይከፈታላ፣ አልኩና ቁጭ አልኩ።

ዝናቡ ለቀቀው። የካዛንቺስ ወንዶች በሙሉ ውጭ፣ በሬውም ውጭ፣ ጃንጥላው ውስጥ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይለምናል፣ በሬው ያገሳል። ጋሼ ሰው ይስቅብናል አሉ። ይሳቅ፣ እኔስ ሳስቃችሁ አይደል የኖርኩት፣ አልኩ። ድምፄ ግን ተሰበረ። ሰሙት መሰለኝ፤ በሩን መደብደቡን ተዉት።

ከዚያ ዘሪሁን፣ ያ ፈሪ፣ ጮኸ። ታደለ የሞተ ዕለት ሁላችንን ያበላች እሷ ናት፣ እኔ አፍሬያለሁ፣ አለ። ሌላው ቀጠለ። ሌላው ቀጠለ። በመጨረሻ ጋሽ ሽፈራው፦ «የአስካለ ዕጣ ይገባል።»

ዝናቡ ነው አልሰማሁም አልኩ። ደገሙት። ከፈትኩ። መጀመሪያ በሬው ገባ።

መስከረም 1፣ ረፋድ

ታረደ። ተመደበ። የጋሼ ባርኔጣ ለዕጣው ዞረ። ወንዶቹ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የላይተር ቆብ ጣሉ። እኔ የጆሮ ጉትቻዬን፣ አንዷን። ከጎረቤት የመጣ ጥበቃ፣ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ፣ በየመደቡ ላይ እያነሳ አስቀመጠ።

ጉትቻዬ ያረፈችው የጭን አጥንት በበዛበት መደብ ላይ ነው። ከመደቦቹ ሁሉ የከፋው! ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከኔ ጋር እንቀያየር አሉ። ለዘሪሁን ቢደርሰው ይቀይሩለት ነበር? አልኩ። ዘሪሁንን አየት አደረጉት። «አልቀይርለትም» አሉ። ይኸው ነው፣ አልኩ።

ከዚያ አጥንቱን አገላበጥኩት። ቅልጥሙ ባዶ፣ ሥጋው ወረቀት። ይሄን ከሲታ በሬ የመረጠው ማነው? አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም ጋሼን አየ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ይሄን ዓመት አላምነውም፤ ያለፈውም ሲገባ አበባ ይዞ ነበር። እስከ ገና ማን እንደሚኖር፣ ማን የት እንደሚበተን አላውቅም። ግን ተናግሬያለሁ፣ ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት፤ ለገናው ቅርጫ በሬ መርጦ የሚገዛው ማን እንደሆነ። ዘሪሁን ገመዱን እይዝልሻለሁ አለ። ጎትቶ ካልጣለህ፣ አልኩት።