ኮርኒሱ የሌለበት ፎቶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

አያሃ ሰፈር ያለችው ትንሿ ቤት ዛሬ አለቀች። ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ጂፕሰም ገብቷል... ብታጠብም አልወጣ አለ።

ማምሻውን ኦብሳ ወሬ ይዞ መጣ። አዲሱ ሆቴል ለሠርግ አዳራሹ ኮርኒስ ሠሪ ይፈልጋል። ኢንጂነሩን ራሱን አግኝቶ አነጋግሮታል። "ወሬ አልፈልግም፤ የሠራችሁትን እስከ ቅዳሜ በኢሜይል ላኩልኝና ልየው" ብሎታል።

በራሳችን ስም! እስከ ዛሬ ሥራውን በስሙ የሚይዘው ሻኪር፣ መሰላል ላይ የምንወጣው እኔና ኦብሳ። እንግዳ ቀና ብሎ "ማን ሠራው?" ሲል መልሱ "ሻኪር" ነው። ሻኪር መሰላል ሲወጣ ያየ አለ? አንዴ እንኳ "ገነነ ነው የሠራው" ሲባል ብሰማ... ኩራቱ እራቱ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ኢሜይሉን ባለቤቴ እድላዊት ጻፈችልን። ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ኢሜይል ስትልክ ነው የምትውለው። ፎቶዎቹን ከስልኬ የመረጥኩት እኔ። አታች አደረገቻቸው። "በይ ላኪው" አልኳት።

"ሳልከፍት አልልክም።"

"እኔ የመረጥኩትን?"

"አንተ ስለመረጥከው ነዋ።"

ልማዷ ነው። አንድ ጊዜ የአንዱ በሽተኛ ውጤት ለሌላው ሊሄድ ሲል ደርሳበታለች። ከዚያ ወዲህ ከፍታ ሳታይ የላከችው ነገር የለም።

አንዱን ከፈተች። ሁለተኛውን... ሦስተኛውን... ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ለካ እየሳቀች ነው!

ሁሉም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የኦብሳን መነጽር አድርጌ፣ እጄን ወገቤ ላይ ጭኜ። ኮርኒሱስ? ከአናቴ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። አንዱ ላይ ብቻ ጥጉ ይታያል።

"ገኔ፣ ኮርኒስ ነው የምንሸጠው ወይስ ሚስት እየፈለግንልህ ነው?"

ተናድጄ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ንዴቱ አልወጣልኝም። ግን እውነቷን ነው። ሥራ ሲያልቅ ፎቶ የምነሳው ለእናቴ ልልክላት ነው። እናቴ ኮርኒስ ምን ያደርግላታል? የምታየው ከስቼ እንደሆነ ነው። የኦብሳም ስልክ ያው... እሱ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ከኋላው ግድግዳ ብቻ።

የአያሃዋን ቤት እንዳናነሳ ኮርኒሷ ልሙጥ ነው፤ ሆቴል አይማርክም። ጥሩ ጥሩው ያለው የሰው ሳሎን ውስጥ ነው። "ሥራችን ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ!" ይላል ኦብሳ። ይስቃል ደግሞ! ሄደን ማንኳኳት አለብን። እኔ? የሰው በር ላይ ቆሜ "እባካችሁ አስገቡኝ" ልል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጋአን ሊባህ ሰፈር አንድ ቤት ሞከርን። ዘበኛው በሩን እንኳ አልከፈተልንም። ነገ ካልሆነ... አለቀልን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከጁምዓ በኋላ 31 ሜይ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን፣ ፈትሂያ የምትባል ሴት ቤት። ሳሎኗን የሠራነው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቅ አበባ ያለው። እንደሱ ያለ ከዚያ በኋላ አልሠራሁም።

በሩን ራሷ ከፈተች። በምችለው ሶማሊኛ አስረዳኋት።

"ኮርኒሱን የሠራው ሻኪር ነው" አለች።

ደሜ ፈላ። ኦብሳ ሸሚዜን ከኋላ ሳብ ሳብ ያደርገኛል። አፌ መች ታዞልኝ ያውቃል... "ሻኪር ጂፕሰም ከዱቄት አይለይም!" አልኳት። ጮክ ብዬ።

አፈጠጠችብኝ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። "ወላሂ አንተው ነህ! እናቴን ከገዛ ሳሎኗ ያባረርካት ቁጡ!"

አዎ... እናትየዋ ሥራው ሳይደርቅ ገብተው አቧራ ሲያስነሱብኝ ጮኼባቸው ነበር። አሁን በቁጣዬ ታወቅሁ! ኦብሳ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አስገባችን። እናትየዋ፣ እማማ ዴቆ፣ ታመው እዚያው ሳሎን ተኝተዋል። ረስተውኛል ብዬ ነበር። "ቀኑን ሙሉ የማየው ያንተን ሥራ ነው፤ ማሻአላህ" አሉኝ። "ስምህ ማን ነው?" ያኔ የጠየቀኝ አልነበረም። "ገነነ" አልኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙት።

አበባው ሙሉውን እንዲገባልኝ ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ሠርቼ እወጣለሁ እንጂ ተኝቼ አይቼው አላውቅም። አንድ ስንጥቅ የለበትም። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ! ኮራሁ። ዓይኔ እስኪረጥብ ኮራሁ።

ስንወጣ ፈትሂያ፣ "ኢሜይሉ ላይ ስልኬን ጻፉት፤ ከደወሉ እመሰክራለሁ" አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ላክን! እድላዊት ድራፍቱን ከፍታ አታች የሆኑትን አንድ በአንድ አየች። ዛሬ አልተቆጣሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔም አየሁ። አበባው፣ ጥጋጥጉ፣ የመብራቱ ቦታ... "ያቺን ድገሚያት እስቲ" አልኳት እንዲያውም። መጨረሻ ላይ ቆመች።

"ይሄስ ማን ነው?"

ሳታየኝ አንዲት የራሴን ጨምሬ ነበር።

"ባለሙያው ነዋ።"

"ባለሙያውን አልሸጥም" ብላ አወጣችው።

ከታች "ገነነ እና ኦብሳ" ብላ ጻፈች። የፈትሂያንም ስልክ ቁጥር። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝና መላኪያውን ራሴ ነካሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ምንም የለም። ኦብሳ "ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆን?" ይላል። ደርሶታል... ምን ሆኖ አይደርሰውም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ኢንጂነሩ ጠራን! አዳራሹ ገና ባዶ ነው፤ ስናወራ ድምፃችን ያስተጋባል። ፎቶዎቹን ከፍቶ አበባውን አሳየኝ።

"እዚህ ቤት ደውዬ ነበር" አለ። "ልጅቷ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። ማን ነው የሠራው ብዬ ጠየቅኳቸው።"

ሻኪር ብለው ይሆን?

"ገነነ ነው የሠራው አሉኝ። ቁጡ ነው፤ ሳይጨርስ እንዳትገባበት ብለው መከሩኝ።"

ኦብሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ አበባውን ደግሜ አየሁት። ኢንጂነሩ "ቅዳሜ ሥራ ግቡ" አለን።

ቤት ስገባ ለእድላዊት ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ።

"ስምህን ጠሩ?"

"ጠሩ።"

"ምን አሉ? ደግመህ ንገረኝ።"

ደገምኩላት።