ለቅሷቸውን ትተው ለቅሶ የሄዱት የወ/ሮ ትርንጎ የኔሰው የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ትርንጎ የኔሰው ከአባታቸው ከአቶ የኔሰው ጉልላትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነበወርቅ አደራው በጎጃም፣ ደጀን አካባቢ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው “ይቺ ልጅ ያሰበችውን ሳታደርግ ውሃ አትጠጣም” ይሉ ነበር። ይኸው እልኻቸው የዚህን ታሪክ ጸሐፊ፣ ታናሽ ወንድማቸውን አምሐን፣ ዕድሜ ልኩን ሲያንገበግበው ኖሯል።

በ1960 ዓ.ም. አጎታቸው ዘንድ ወደ አዲስ አበባ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ልብስ ስፌት ከለመዱ በኋላም ቤቴል ሠፈር አነስተኛ ሱቅ ከፍተው ለሠፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖሩ። የሰፉት እንደማይተረተር ሁሉ፣ አንዴ የያዙት ሐሳብም አይፈታም ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ቃለጽድቅ መንገሻ ጋር ጋብቻ መሥርተው ውዳሴንና ክርስቲያንን አፍርተዋል።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. አቶ ቃለጽድቅ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዓለም ባንክ አካባቢ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። እሳቸውና ሾፌሩ ሞቲ ደበላ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ቤቱም በለቀስተኛ ተጨናነቀ። ባሏ የሞተባት ሴት ቢያንስ እስከ ሣልስቱ ከፍራሿ እንደማትነሣ ማንም ያውቃል። ወ/ሮ ትርንጎ ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ማንንም ሳያማክሩ ታክሲ ተሳፍረው ሄዱ።

የደጀን ዘመዶች ሌሊቱን ተጉዘው፣ ደረታቸውን እየደቁ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ የለቅሶው ባለቤት የለችም። የት ሄደች ሲባል፣ ልጃቸው ውዳሴ “ሳንሱሲ፣ የሾፌሩ እናት ጋ” አለች። አክስታቸው ወ/ሮ እፀገነት “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች” ብለው ቁጭ አሉ። ሄዶ የማምጣቱ ጣጣ እንደ ሁልጊዜው በአምሐ ላይ ወደቀ።

የሞቲ እናት ወ/ሮ ደሜ ነገሬ ከዚያ አንድ ልጃቸው በቀር ማንም የላቸውም፤ ዕድርም አልነበራቸውም። ጎረቤቱ ደግሞ የሞተው ተሳፋሪ ዘመድ መጥቶ ጠብ ያነሣል ብሎ ፈርቶ በሩን ዘግቷል። አምሐ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች ባዶ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። እንግዳ እየጠበቀሽ ነው፣ ነውር ነው፣ ተነሺ ቢላቸው፣

“የእኔ ቤት ሰው ሞልቶ ተርፏል። እዚህ ማን አለ? ለቅሶ ልትደርሱኝ ከሆነ እዚህ ኑ፤ ንፍሮውንም ይዛችሁ ኑ” አሉት። ሰው ምን ይላል ብሎ ቢሟገታቸውም፣ “ካዘነ ጋር እዘኑ ሲባል፣ ‘ከሾፌር እናት በቀር’ ያለው የትኛው ቄስ ነው?” ብለው ዘጉት።

ምን ያድርግ? ተመልሶ የደጀንን ሰዎች ከነንፍሮው አመጣቸው። እያጉረመረሙ መጡ፤ አንዳንዶቹም ሊቆጡ ነበር የመጡት። ወ/ሮ ደሜን የልጃቸውን ሸሚዝ እንደታቀፉ ሲያዩአቸው ግን ቁጣው የት እንደገባ አልታወቀም፤ አብረዋቸው አለቀሱ። ይህን ያየ ጎረቤትም በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ ገባ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ወ/ሮ ደሜ በዓል የለም፣ ክርስትና የለም። ከሳንሱሲ የሚያመጣቸውም የሚመልሳቸውም አምሐ ነው። ደክሞኛል ቢል የሚሰማው አልነበረም። ወ/ሮ ትርንጎ በኩላሊት ሕመም በተኙ ጊዜ ወ/ሮ ደሜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቤቴል ገቡና አጠቧቸው፣ አጎረሷቸው፣ አገላበጧቸው።

ወ/ሮ ትርንጎ ሊያርፉ ሲቃረቡ “ታሪኬን ስትጽፍ ደሜን ከዘመድ ጋር ጻፋት” ብለው አዘዙ። ምን ብዬ ልጻፋት ብሎ አምሐ ቢጠይቃቸው፣ “አንተ የተማርከው ለመቼ ነው?” አሉት። ትናንት፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

አምሐ ወ/ሮ ደሜን ከዘመድ ጋር ምን ብሎ እንደሚጽፋቸው ሲቸገር ዋለ። ከሰዓት በኋላ የደጀን ዘመዶች ደረሱ። እሱ እንደ ወጉ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሊቀበላቸው ቆሞ ነበር፤ እሱን አልፈው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ቀጥታ የወ/ሮ ደሜ አንገት ላይ ወደቁ።

ስለዚህ እንደታዘዘው ይጻፋል። ከወ/ሮ ትርንጎ ኋላ የቀሩት እህታቸው ወ/ሮ ደሜ ነገሬ፣ ልጆቻቸው ውዳሴና ክርስቲያን ቃለጽድቅ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውም አምሐ የኔሰው ናቸው።

የሰው የለቅሶ ቤት ባዶ እንዳይሆን የደከሙትን ነፍስ፣ እግዚአብሔር ሰው በማይጎድልበት ቤቱ ይቀበልልን። አሜን።