በየካቲት ስኳር ድንች የሚተክሉት መምህርት፦ የወይዘሮ ሮማነወርቅ አባይነህ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ አባይነህ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለም ተሰማ በ1951 ዓ.ም. በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው ጸሐዬ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚረግጡትን ማየት ተሳናቸው። ወላጆቻቸው ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። እያደር ብርሃናቸውን ፈጽመው አጡ፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ይዘው በባሕር ዛፉ መሀል የሚያመላልሷቸው እህታቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በመምህርነት ሠልጥነው በ1972 ዓ.ም. ወላይታ ተመደቡ። በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ገመቺስ ጅሬኛ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ከኮተቤ አለፍ ብሎ ካራ በተባለው ሰፈር ጎጆ ቀለሱ፤ ኢፍቱንና ቢንያምንም አፈሩ። ጡረታ እስኪወጡም ኮተቤ አካባቢ አስተማሩ። ቁጣቸው ቅርብ ነበር፤ ያስተማሯችሁ ሁሉ ምስክር ናችሁ።

በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ሳሉ ያስተማሯት ማስተዋል የግብርና ባለሙያ ሆና ልትጠይቃቸው መጣች። ያመጣችው ስኳር ድንች ሲቆረጥ ውስጡ ብርቱካንማ ነበር። ቀለሙ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው መሆኑን፣ የልጆችን ዳፍንት እንደሚከላከልም አጫወተቻቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ያን ዕለት ምሳ አልቀመሱም። የወንድማቸው ዓይን የጠፋው ገበታ ላይ በጎደለ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማሰቡ አንጀታቸውን አሳረረው። ዳግመኛ በዚህ ሰፈር ልጅ በዳፍንት እንዳይሰናከል ብለው ለተከላ የሚሆን ሐረግ ከወላይታ አስመጡ።

ካራ ደግሞ ብርድ ነው። እንደ ማንኛውም ገበሬ ክረምቱን ጠብቀው በሰኔ ተከሉ፤ ኅዳር ላይ ውርጭ መጥቶ ሐረጉን አጠቆረው፤ ሥሩም ከጣት አልበለጠም። በዓመቱ የጎረቤታቸው የአቶ አካሉ ላም አጥር ጥሳ ጠራርጋ በላችው። አቶ አካሉ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ ቢመጡ፣ «ይተዉት፣ ላሚቱስ ዓይኗ በራላት» ብለው እያሳቁ ሸኟቸው። ማታ ግን ማልቀሳቸውን ባለቤታቸው አይረሱትም።

በሦስተኛው ዓመት ሐረግ እንደገና አስመጥተው በየካቲት፣ በዚያ ሐሩር ተከሉ። ሰፈርተኛው ጡረታው ራሳቸው ላይ ወጣ ብሎ አማቸው። እሳቸው ሐሜቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ የአትክልት እጣቢ ሳይቀር እያጠጡ ለክረምቱ አደረሱት። ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ሳይቀድማቸው ቆፍረው ቅርጫት ሞሉ። አቶ አካሉ ሲያዩት ቀለም የተነከረ መስሏቸው በጣታቸው አሽተው አረጋገጡ፤ በማግሥቱ ሐረግ ለመለመን የመጀመሪያው እሳቸው ሆኑ። ዛሬ በካራ ይህ ስኳር ድንች የሌለበት ጓሮ ጥቂት ነው። ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ቀቅለው፣ ፈጭተው ለልጆቻቸው ይመግቡታል።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን አቶ ጸሐዬን ትተዋል።

አንድ ኑዛዜ አላቸው፤ ቤተሰቡ ከይቅርታ ጋር ያሳውቃል። በልጅነታቸው ቤት ማዕድ ሲቀርብ እንግዳው፣ ካህኑ፣ አባወራው ይቀድማል፤ ለልጅ የሚደርሰው የተረፈው ነበር። ስለዚህ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቶች ያዘጋጁት ስኳር ድንች ሲቀርብ ሕፃናት ይቀድማሉ። አባቶቻችን፣ ታላላቆቻችን፣ ጥቂት ትታገሡናላችሁ። ከሕፃናቱ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው ሳህን ለአቶ ጸሐዬ ይሰጣል፤ ያኔ አልደረሳቸውምና።

መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።