ተኩላውን ጅብ ያደረግሁበት ሳምንት

እሑድ

ማንበቤ ራሱ ሲያሳፍረኝ ከርሞ፣ ዛሬ ደግሞ ለሰው አወራሁት። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሙሉ፣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ የላከላትን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከብዶኛል ብላ ከሰጠችኝ ወዲህ ሌላ ነገር መሥራት አቅቶኛል። የአናቶሚ መጽሐፌ ውስጥ ሸጉጬ አነባለሁ። ሁዳዴ ነው። ፈተና ደርሷል። ባለፈው በውይይት ክበብ ስለ አድኃሪ ሥነ ጽሑፍ ጎጂነት ተነሥቼ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ያውም ተጨብጭቦልኝ።

አንዲት ልጅ እናቷ ትሞትባትና ተራራ ላይ ወዳለው የአክስቷ ቤት ትሄዳለች። እዚያ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር ወጣት ትወዳለች። እሱ ሲመሽ ተኩላ ይሆናል። እያወቀች ትወደዋለች። እጇን ነክሷት ይቅርታ የጠየቀበትን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ፊቴ ይግላል። እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ተቀምጣ ልጄ ነርስ ልትሆንልኝ ነው ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥበን፣ ከመኝታችን ጀርባ ሣሩ ላይ ፀጉር ስንሠራራ፣ ሙሉ መጽሐፉ ምን እንደሚል ካልነገርሽን ብላ ያዘችኝ። ጀመርኩ። ሁሉም ተጠጉኝ። ተዋበች እንኳ፣ ከጎኔ ባለው አልጋ የምትተኛው፣ ወሬ የማትወደው፣ ሹሩባዬን እየሠራች ጣቷ ቆም ይል ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ተኩላው ግን አላስፈራቸውም። ስለዚህ ጅብ አደረግሁት። ልጁንም ቀን ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ ባለእጅ አደረግሁት። ያኔ ተጯጯሁ፣ ተቃቀፉ። ሙሉ፣ ቡዳ ነዋ አለች። አዎ አልኩ።

ተዋበች ሳትጨርስልኝ ተነሣች። ልብሴን ላነሣ ነው አለች። ልብሷ ገና እርጥብ ነበር።

ሰኞ

ተዋበች ፍራሿን ይዛ በሩ አጠገብ ወዳለው ባዶ አልጋ ሄደች። ምነው ብላት፣ እዚያ ይሞቃል አለች። በር ሥር ይሞቃል?

ሙሉ ሳቀችብኝ። የተዋበች አባት ባለእጅ እንደሆነ፣ እነሱ ቤተ እስራኤል እንደሆኑ አታውቂም እንዴ አለችኝ።

አላውቅም ነበር ብዬ እዚህ ልጽፍ ነበር። ግን አውቃለሁ። ቅዳሜ እሳት እንደማትነካ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ አባቴ ለገበሬው ሁሉ ማረሻ የሚሠራ ነው ብላ ራሷ ነግራኛለች፤ በኩራት ነው የነገረችኝ። ታዲያ ያ ብረት ቀጥቃጭ ከየት መጣልኝ? ሳላስበው አፌ ላይ የመጣ መስሎኝ ነበር። ሳላስበው መምጣቱ ነው የባሰው።

ማክሰኞ

ምሳ ላይ ሙሉ ሽሮዋን በነጠላዋ ከልላ በላች። ተዋበች ፊት ለፊት ነበረች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ውኃ ጠጣሁ። ተዋበች ሳህኗን አንሥታ ወጣች።

ከዚያ ምን አደረግሁ? አነበብኩ። የመንደሩ ሰዎች ተኩላውን ሊገድሉ ሲመጡ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍም አለቻቸው። አለቀስኩ። ምሳ ላይ አንድ ቃል ያልተነፈስኩ ሰው ለወረቀት ልጅ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ለልምምድ ሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ተመድበናል። ከኮላ ድባ ልጇን ይዛ የመጣች እናት አለች። ተዋበች ትኩሳቱን ልትለካ ቴርሞሜትር ይዛ ስትጠጋ፣ ሴትዮዋ ልጁን በጋቢ ሸፈነችው። «እች ልጅ አትንካብኝ» አለች። «ምነው፣ ሌላ ሰው የለም?»

ወሬው ከመኝታችን ወጥቶ በሽተኛ አልጋ ድረስ ደርሷል። ማን እንዳደረሰው አላውቅም። ከየት እንደተነሣ ግን አውቃለሁ።

ተዋበች ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ሄደች። የክፍሉ ኃላፊ አንቺ ለኪ አለችኝ። ሴትዮዋ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፦ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሳወራ እኔው ጨምሬበት ነው፣ እሷ ከሁላችንም የተሻለች ተማሪ ናት። ጨርሳ አዳመጠችኝና ጋቢውን ገለጠችልኝ። «አንቺ ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ለኪልኝ» አለች። ለካሁ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማታ የውይይቱ ርዕስ የብሔረሰቦች እኩልነት ነበር። ጓድ ሰብሳቢው አስተያየት ስጪ አለኝ። አመመኝ አልኩ።

ሐሙስ

ምሳ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። መጽሐፉ ውስጥ ጅብ የለም፣ ባለእጅ የለም፣ ቡዳ የሚል የለም፣ እንድትደነግጡልኝ እኔ ነኝ የጨመርኩት አልኳቸው።

ሙሉ አልተቆጣችም። እንዲያውም ገርሟት፣ «ምን አዲስ ነገር ጨመርሽ? አገር የሚለውን ነው ያልሽው» አለችኝ። ሳህኔን ይዤ ተዋበች አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተቀመጪ አላለችኝም።

ሳህን ስናጥብ ነው የተናገረችው። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ወድጄው ነበር እኮ። ልጅቷ እንድታገባው እየተመኘሁ ነበር። ከዚያ አባቴን አመጣሽው።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። መጽሐፉን ስጪኝ አለች፤ የተጻፈውንና አንቺ የጨመርሽውን ራሴ ልለይ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቶኛል። እስከ ነገ ታገሺኝ ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እዚያ ቆሜም! ሄጄ አመጣሁላት።

ዓርብ

የኮላ ድባዋ እናት ልጇ ድኖላት ሄደች። እኔን መርቃ፣ ተዋበችን እንዳላየች አልፋ። ሙሉ ዛሬም በነጠላዋ ተከልላ በላች። ሣሩ ላይ ያወራሁት አሁን በእኔ እጅ የለም፤ ብጠራው አይመለስም። ከተዋበች ጎን በላሁ። ስለ ፈተናው ትንሽ አወራን።

ቅዳሜ

ለተዋበች ሰንበቷ ነው። ጠዋቱን ሙሉ በሩ ሥር ባለው አልጋዋ ላይ ሆና አነበበች። ፊቷን ከሩቅ አየው ነበር። አንዴ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ደፍታ ጣራውን አየች። የትኛው ገጽ እንደሆነ አወቅሁ መሰለኝ፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር።

ከቀትር በኋላ የመጨረሻውን ቅጠል ስትገልጥ አላስችል አለኝና ሄድኩ። ተኩላው ይሞታል ወይስ አይሞትም ብዬ ጠየቅኋት። መጽሐፉን ዘጋችው፤ ጣቷን ግን ገጹ ውስጥ እንደተወች ነው።

«አልነግርሽም» አለች።

ከዚያ ግን እግሯን ሰብስባ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ለመቀመጫ ይሁን፣ እግሯ ደንዝዞ ይሁን እንጃ። ተቀመጥኩ።